ሽፈራው፣ ግራዋና አብሽ በስኳር የተጎዳ ኩላሊትን ያድናሉ? ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 11 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን 500 ጠዋትና ማታ፣ ግሊበንክላማይድ 5 ጠዋት ትወስዳለች። ባለፈው ወር ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ‹ሁለት ፕላስ›፣ ክሬአቲኒኗ ደግሞ 1.3 ሆኖ ተገኘ። አክስቴ የሽፈራው ዱቄትና የግራዋ ቅጠል አፍልታ በየማለዳው በባዶ ሆዷ ታጠጣታለች፣ አብሽም ጀምራላታለች። እኔም ሳነብ እነዚህ ዕፅዋት አይጦች ላይ ተሞክረው ኩላሊትንና ጉበትን ከስኳር ጉዳት እንደጠበቁ የሚገልጹ ጥናቶች አገኘሁ። እውነት ይረዷታል? መጠኑስ ስንት ይሁን? የሐኪሙን መድኃኒት ብታቆምስ?»

ምላሽ፦ አስቸኳዩን ላስቀድም። መድኃኒቱን አያስቁሟቸው። ዛሬ መቆም ያለበት በባዶ ሆድ የሚጠጣው የግራዋና የሽፈራው ውሃ ነው። ግራዋ መርዝ ስለሆነ አይደለም፤ ከግሊበንክላማይድ ጋር ስለተገናኘ ነው። ግሊበንክላማይድ ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ ሰውየው በላም አልበላም መግፋቱን አይተውም። ከሰውነት ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ኩላሊት በመሆኑ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል፣ ሥራውም ከታሰበው ሰዓት በላይ ይረዝማል። በዚህ ላይ ስኳር የማውረድ ጠባይ ያለው ቅጠል በባዶ ሆድ ሲጨመርበት፣ ቁርሱም ሲዘገይ፣ ይልቁንም ጾም ሆኖ እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀመስ ሲቀር፣ ስኳሩ ሕይወት እስከሚያሰጋ ድረስ ሊወርድ ይችላል።

ቤት ያለው ሰው ሁሉ ምልክቱን ይወቅ። ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ልባቸው ይመታል፣ ድንገት ይርባቸዋል፤ ሲብስ ንግግራቸው ይጎተታል፣ ግራ ይጋባሉ፣ ያለ ጠባያቸው ይቆጣሉ። መለኪያ ካለ ከ70 በታች ማለት ወርዷል ማለት ነው፤ መለኪያ ከሌለ ደግሞ ምልክቱ ይበቃል። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ካልተስተካከለ ይድገሙት፣ ከተስተካከለ እንጀራ ወይም ዳቦ ያብሏቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። በግሊበንክላማይድ ምክንያት የወረደ ስኳር ተነሥቶ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል ደህና ቢመስሉም በዚያው ቀን ጤና ተቋም መታየት አለባቸው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ተሻላቸው» ብሎ ያስተኛቸዋል፣ ሌሊቱን ግን ስኳሩ እንደገና ይወርዳል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ክሬአቲኒን ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው፤ 1.3 ለዓይን ትንሽ ነው፤ አንዳንድ ላቦራቶሪም ከመደበኛው ወሰን ብዙም እንዳልራቀ አድርጎ ያሳየዋል። ነገር ግን ክሬአቲኒን ብቻውን አይነበብም። ከዕድሜና ከጾታ ጋር ተሰልቶ ኩላሊት በደቂቃ ስንት እንደሚያጣራ ወደሚነግረው ቁጥር፣ ጂኤፍአር ወደሚባለው፣ መለወጥ አለበት። ለ58 ዓመት ሴት 1.3 ሲሰላ 48 ገደማ ይወጣል። የጤነኛ ወጣት ሰው ኩላሊት ከ90 በላይ ስለሆነ፣ ቁጥሩ እውነት ከሆነ የእናትዎ ኩላሊት የሚሠራው በግማሽ አቅም ገደማ ነው። «ከሆነ» ያልኩት አንድ ልኬት ስለማይበቃ ነው። ተቅማጥ፣ ውሃ ማነስ፣ ወይም ለወገብ ሕመም የተወጋ ዳይክሎፌናክ ክሬአቲኒኑን ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ዘላቂ የኩላሊት ችግር የሚባለው ጉዳቱ ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ነው።

የሽንቱም ነገር እንደዚሁ ነው። «ሁለት ፕላስ» በሽንት መመርመሪያ ወረቀት ላይ የሚታይ የቀለም ግምት ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ትኩሳት፣ የዋለበት ከባድ ሥራ ያመጡት ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጋቸው የአልቡሚን (የደም ፕሮቲን ነው) እና የክሬአቲኒን ንጽጽር የሚባለው የሽንት ምርመራ ነው፤ ናሙናው ጠዋት እንደተነሡ የሚወጣው የመጀመሪያ ሽንት ቢሆን ይመረጣል። ከ30 በታች ደህና ነው፣ ከ30 እስከ 300 ኩላሊቱ መፍሰስ ጀምሯል፣ ከ300 በላይ ጉዳቱ ገፍቷል። በሦስትና በስድስት ወር መካከል ከተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች ሁለቱ ከፍ ካሉ ነው ተረጋገጠ የሚባለው። ይህን ቁጥር በእጅዎ ሳይይዙ ስለ ማንኛውም ቅጠል «ረዳቸው» ወይም «ጎዳቸው» ማለት አይቻልም። ፊታቸው ወዛ፣ ቀለል አላቸው፣ ሽንታቸው ጠራ ማለት መለኪያ አይሆንም፤ ኩላሊት ከግማሽ በላይ አቅሙን እስኪያጣ ድረስ አያሳምምም።

ስላነበቧቸው ጥናቶች እንነጋገር። በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር በአገራችን ዕፅዋት ላይ እንዲህ ያለ ምርምር ይሠራል፤ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። ሐሳቡም መሠረት አለው። ስኳር በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል ሦስት አራት ጥፋት በአንድነት ይፈጽማል። ከፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ ያደርቃቸዋል፤ ዳቦ ሲጋገር ፊቱን የሚያቀላው ኬሚካላዊ ሂደት ቀስ ብሎ በሰውነት ውስጥ ሲካሄድ ማለት ነው። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ፣ ኤዋንሲ፣ የሚለካውም ይህንኑ መጣበቅ ነው፣ በቀይ የደም ሴል ላይ። ሁለተኛ፣ ሴሎች ስኳሩን ሲያቃጥሉ የሚወጡት አጥቂ የኦክስጅን ውጤቶች ይበዛሉ። ሦስተኛ፣ በኩላሊት ማጣሪያዎች ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ወንፊቱ ይሰፋል፣ አልቡሚን ያመልጣል። ብዙ ቅጠላ ቅጠል ፖሊፌኖልና ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውህዶች አሉት፤ እነዚህ ሁለተኛውን ጥፋት፣ አንዳንዴም የመጀመሪያውን ሲያለዝቡ በላቦራቶሪ ታይተዋል። ሦስተኛውን ግፊት ግን እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ባሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ደረጃ እንደሚቀንስ በሰው ላይ የተረጋገጠለት ቅጠል የለም። ለእናትዎ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

አሁን ጥናቱ እንዴት እንደሚሠራ በቅርበት እንየው። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ብዙ ጊዜ በ80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ለሦስት ቀን ያህል ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ ፈሳሹ በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል፣ የቀረው ይደርቃል። ያ ደረቅ ቅሪት ነው ንጥር የሚባለው። አይጠ መጎጦቹ ስትሬፕቶዞቶሲን ወይም አሎክሳን የሚባል ኬሚካል ይወጋሉ፤ ኬሚካሉ በቆሽታቸው ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ይገድላል፣ በቀናት ውስጥ ስኳራቸው ያሻቅባል። ከዚያ ንጥሩ ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት በቱቦ ይሰጣቸዋል፤ በመጨረሻ ክሬአቲኒን፣ ዩሪያና የጉበት ኤንዛይም ይለካል፣ ኩላሊታቸው ተከትፎ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

የመጀመሪያው ወጥመድ ኬሚካሉ ነው። ስትሬፕቶዞቶሲን ቆሽትን ብቻ አይመርጥም፤ ሕዋሳት ውስጥ የሚገባበት በር በጉበትና በኩላሊት ቱቦዎችም ላይ አለ፣ ራሱም የኩላሊት መርዝ ነው። እንደ ካንሰር መድኃኒት በሰው ላይ ሲውል መጠኑን የሚገድበው ኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ስለዚህ ንጥሩ ኩላሊቱን «ጠበቀ» ሲባል ከስኳር ነው የጠበቀው ወይስ ከተወጋው መርዝ? መርፌው ሳይሰጥ ቀደም ብሎ ወይም በማግሥቱ ንጥሩ የተጀመረበት ጥናት ይህን መለየት አይችልም። ሁለተኛው ወጥመድ ጊዜ ነው። የሰው ኩላሊት በስኳር የሚጎዳው በአሥርና በሃያ ዓመት ነው፤ የአራት ሳምንት አይጥ ያንን ጠባሳ አያሳይም። ሦስተኛው፣ ንጥሩ ስኳሩንም አውርዶ ከሆነ ኩላሊቱን የጠቀመው የስኳሩ መውረድ ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም። ጥሩ ጥናት ከሆነ ስኳሩ በሌላ መድኃኒት እኩል የወረደለት ተነጻጻሪ ቡድን ይኖረዋል። ያገኟቸውን ጽሑፎች እንደገና ሲከፍቱ በመጀመሪያ ይህንን ይፈልጉ።

«መጠኑ ስንት ይሁን» ላሉት ደግሞ አብረን እናስላ። በእነዚህ ጥናቶች የተለመደው መጠን በኪሎ ከ200 እስከ 500 ሚሊግራም ንጥር ነው፤ 400ን እንውሰድ። የአይጠ መጎጥን መጠን ወደ ሰው ለመመለስ በኪሎ የተሰጠው ለ6.2 ይካፈላል፤ የትንሿ አይጥ ከሆነ ለ12.3። 400 ለ6.2 ሲካፈል 65 ሚሊግራም ገደማ ነው። እናትዎ 60 ኪሎ ቢሆኑ በቀን 3.9 ግራም ንጥር ማለት ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ንጥር ይገኛል ብንል፣ በየቀኑ 39 ግራም ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል፤ ሞላ ባለ የሻይ ማንኪያ ወደ 15 ማንኪያ። አክስትዎ የሚያፈሉት አንድ ማንኪያ ከዚህ ጋር አይገናኝም። «እንግዲያው 15 ማንኪያ ይጠጡ» ማለት ግን ፈጽሞ አይደለም፤ በአልኮል የወጣው ውህድና በፈላ ውሃ የሚወጣው የተለያየ ነው፣ በዚያ መጠን ለወራት የተወሰደ ቅጠል የተደከመ ኩላሊት ላይ ምን እንደሚያደርስ በሰው አልተፈተሸም። ቅጠሉ የተለቀመበት ወቅት፣ በፀሐይ ወይም በጥላ መድረቁ፣ በመደብር የቆየበት ጊዜ ውህዱን ይለዋውጠዋል። ሽፈራው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ኮንሶና አርባ ምንጭ አካባቢ የሚበቅለው የአገራችን ሽፈራው ስቴኖፔታላ የሚባለው ሲሆን፣ ውጭ አገር በካፕሱል የሚሸጠው በአብዛኛው የሕንዱ ኦሊፌራ ነው። የአንዱ ጥናት ለሌላው አይሠራም።

ትንሽ ጥናት ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል የእርድ ታሪክ በደንብ ያሳያል። በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይውሰዷቸው) በኢራን ሺራዝ 40 የስኳር ኩላሊት ሕሙማን ላይ አንድ ጥናት ተሠራ፤ 500 ሚሊግራም እርድ በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ወር የወሰዱት ሽንታቸው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ቀነሰ። ዓለም ተደሰተ። ከዚያ በካናዳ፣ የእርዱ ዋና ውህድ ኩርኩሚን በደንብ ወደ ደም እንዲገባ ሆኖ ተዘጋጅቶ፣ ከ500 በላይ የኩላሊት ሕሙማን ላይ ለስድስት ወር ተሞከረ። አልቡሚኑም አልቀነሰም፣ የኩላሊቱም ሥራ አልተሻሻለም። አይጥ ላይ ከታየው ተስፋ እስከ ሰው ድረስ ያለው መንገድ ይህን ያህል ረጅም ነው። ለሽፈራውና ለግራዋ የኩላሊት ጥበቃ ያለን ማስረጃ በአብዛኛው የአይጥ ነው፤ የ40ውን ሰው ደረጃ እንኳ ገና አልተራመደም።

እንግዲህ አብሽ። ከጠቀሷቸው ሦስቱ በሰው ላይ የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። በ2014 በሰው ላይ የተሠሩ ሙከራዎች ተጠቃለው ሲታዩ የጾም ስኳርን በአማካይ 17 ገደማ፣ ኤዋንሲን 0.85 ገደማ አውርዷል፤ ከሙከራ ወደ ሙከራ ውጤቱ ቢለያይም። ዋናው ሥራ የፍሬው አሰር (ፋይበር) ነው። ውሃ ሲያገኝ እንደ አጥሚት ይወፍርና ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ስለዚህ ፈልቶ የተጠለለው ውሃ ሳይሆን ሙሉው ዱቄት ነው የሚጠቅመው። ስኳር ያወርዳል እንጂ ኩላሊትን በቀጥታ እንደሚያድን አልተረጋገጠም፤ ስኳር መውረዱ ራሱ ግን ለኩላሊት ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩ ላይ የሚበላሸው ነገር አለ። በየቤቱ አብሽ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ የላይኛው መራራ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተደፋ፣ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል፤ ከዚያ ማር ወይም ስኳር ይገባበታል። ያገኙትን ጥቅም እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ያጠፉታል ማለት ነው። ያለ ማር ይጠጣ፤ መራራው ከበዛ ውሃውን አንድ ጊዜ ጨምረው ይድፉ። ሐኪማቸው የስኳር መድኃኒቱን ካስተካከለ በኋላ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ለአንድ ሳምንት ይጀምሩ፤ ሆድ ካልነፋቸው፣ ካላስቀመጣቸው ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 10 ግራም ገደማ፣ ያድርሱት። ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ አይሁን። የሚወፍረው አሰር ክኒን አቅፎ ስለሚያዘገይ ከመድኃኒት ሁለት ሰዓት ይራቅ። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ የሚያስቆጣው ሰው ይተወው። የላባቸውና የሽንታቸው ጠረን ቢለወጥ አይደንግጡ፣ የአብሹ ነው።

ጥቁር አዝሙድም በሰው ተሞክሯል። በ2010 በታተመ የሳዑዲ ዓረቢያ ጥናት ከመድኃኒታቸው ጋር በቀን 2 ግራም ለ12 ሳምንት የወሰዱ ሕሙማን ኤዋንሲያቸው ቀንሷል፤ 3 ግራም የወሰዱት ከዚያ የተሻለ አላገኙም። ጥናቱ ባዶ ካፕሱል የወሰደ ቡድን ስላልነበረው ቁጥሩን በጥንቃቄ ነው የምመለከተው። በምግብ፣ በዳቦ ላይ፣ በበርበሬ ውስጥ ምንም ስጋት የለውም። በጠርሙስ የሚሸጠውን ዘይት በማንኪያ መጋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ግፊትንም ስኳርንም ሊያወርድ ስለሚችል ከመድኃኒቱ ጋር ይደራረባል።

ሽፈራውን እንደ ምግብ አልከለክልም። ኮንሶዎች ከማሽላ ቁርቁፋ ጋር በየቀኑ ይበሉታል፣ እንደ ጎመን ነው። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ኩላሊታቸው የደከመ፣ በተለይም ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን የጀመሩ ሰዎች ደም ውስጥ ፖታሲየም ሊጠራቀም ይችላል፤ የደረቀ ቅጠል ዱቄት ፖታሲየሙ የታመቀ ስለሆነ በየቀኑ በማንኪያ ከመጨመራቸው በፊት ፖታሲየማቸው ይታይ። ግራዋ ግን እኛ ዘንድ ምግብ አይደለም፤ ጋን ማጠቢያ ቅጠል ነው፣ ምሬቱን የሚሰጡት ውህዶች በሕዋስ ላይ ብርቱ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ለእናትዎ በዚህ የኩላሊት ደረጃ አልመክረውም።

ሌሎች ደግሞ ጭራሽ አይንኳቸው። የሬት ቢጫ መራራ ፈሳሽ ብርቱ ተቅማጥ አምጪ ነው፤ ውሃና ፖታሲየም አሟጦ የደከመ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ቀረፋ ለሻይ ቅመምነት እንጂ በማንኪያ ለስኳር መድኃኒትነት አይሁን፤ ገበያ ላይ በብዛት ያለው ካሲያ የተባለው ዓይነት ኩማሪን አለው፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በየቀኑ 2 ግራም ከወሰደ የተፈቀደው ጣሪያ ላይ ይደርሳል፤ ተጠቂው ጉበት ነው። ስሙ የማይነገር፣ «ሰባት ዓይነት ቅጠል ነው» ተብሎ በላስቲክ የሚሸጥ የተደባለቀ ዱቄት ከሁሉ የከፋ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ክብደት መቀነሻ ተብሎ በተሰጠ የቻይና ቅጠል ውስጥ አሪስቶሎኪያ የተባለ ተክል በስህተት ገብቶ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎድቷል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ወደ ኩላሊት እጥበትና ወደ ንቅለ ተከላ ሄዱ። አንዱ ተክል በሌላ መተካቱ ዱቄት ሆኖ ሲቀርብ በዓይን አይታወቅም።

ስለ እግር አንድ ቃል፣ በየቦታው ስለምሰማው። ከበርበሬ የሚወጣው ካፕሳይሲን በእርግጥ ለስኳር የነርቭ ሕመም መድኃኒት ሆኗል፤ 8 በመቶ የሆነው የሚለጠፍ ዓይነት በ2020 በአሜሪካ ለእግር ሕመም ተፈቅዷል። የሚለጠፈው ግን በጤና ባለሙያ እጅ፣ ቁስል በሌለበት ቆዳ ላይ፣ ለ30 ደቂቃ ብቻ ነው። ሚጥሚጣ በዘይት ለውሶ እግር ማሸት ሌላ ነው። ስኳር ስሜቱን የወሰደው እግር ቃጠሎውን አይናገርም፤ ጠዋት ሲነሡ ውሃ የቋጠረ ቆዳ ያገኛሉ፣ ከዚያ ቁስል፣ ከዚያ ኢንፌክሽን።

ይህን ሁሉ ስል ዕፅዋትን ለመናቅ አይደለም። እናትዎ ዛሬ የሚወስዱት ሜትፎርሚን ከተክል የተወለደ ነው። ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ መስክ ተክል ጋሌጊን የተባለ ስኳር የሚያወርድ ውህድ አለው፤ ተክሉ በጎችን ይገድል ነበር፣ ጋሌጊንም ለሰው አስጊ ነበር። ኬሚስቶች የቅርብ ዘመዱን ሜትፎርሚንን በ1922 ሠሩ፣ በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በሕሙማን ላይ መጠቀሙን አሳወቀ። ለኩላሊትም የዘመናችን ትልቁ ግኝት ከዛፍ ቅርፊት ነው የጀመረው። በ1835 ከፖም ዛፍ ሥር ቅርፊት ፍሎሪዚን ተለይቶ ወጣ፤ በ1886 ጀርመናዊው ሐኪም ፎን መሪንግ ፍሎሪዚን ስኳርን በሽንት እንደሚያስወጣ አሳየ። ነገር ግን በአፍ ሲወሰድ አንጀት ውስጥ ይፈርሳል፣ ያስቀምጣልም። ቅርፊቱን አፍልቶ መጠጣት ምንም አይፈይድም ማለት ነው። ሞለኪውሉ ተሻሽሎ ዳፓግሊፍሎዚን፣ ኢምፓግሊፍሎዚንና ካናግሊፍሎዚን የተባሉት መድኃኒቶች ሲሠሩ ነው ነገሩ የተለወጠው። በ2019 የወጣው የካናግሊፍሎዚን ጥናት የስኳር ሕመምና የሚያፈስ ኩላሊት ያለባቸው ሰዎች ላይ የከባድ ኩላሊት ውድቀትን ወይም በኩላሊትና በልብ ምክንያት መሞትን በ30 በመቶ ቀነሰ፤ በ2020 ዳፓግሊፍሎዚንም በ39 በመቶ። እነዚህ በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ፣ በዓመታት የተለኩ ናቸው። ከአይጥ ጥናት ጋር ሲያነጻጽሩ የሚፈልጉት ሚዛን ይህ ነው።

ስለዚህ ለሐኪማቸው የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች እነዚህ ይሁኑ። አንደኛ፣ ግሊበንክላማይድ በዚህ የኩላሊት ደረጃ ይቀጥል ወይስ እንደ ግሊክላዛይድ ባለ አጠር ብሎ በሚሠራ ወይም በኢንሱሊን ይተካ? ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ለምን አልተጀመረላቸውም? በሽንት አልቡሚን የሚያፈስ የስኳር ሕመምተኛ፣ ግፊት ካለበት በተለይ፣ ከሁለቱ አንዱን መውሰድ አለበት፤ በ2001 የታተመው የሎሳርታን ጥናት ወደ ኩላሊት ውድቀት የሚደረገውን ጉዞ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም ይለካል። ክሬአቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር የሚጠበቅ ነው፣ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት መርገቡን ያሳያል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ መድኃኒቱን ይጥለዋል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣ ሎሳርታን ይተካዋል። ሁለቱ በአንድነት አይወሰዱም። ሦስተኛ፣ ዳፓግሊፍሎዚን 10 ሚሊግራም ይታሰብላቸዋል ወይ? ዋጋውም አቅርቦቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከጀመሩት በብልት አካባቢ የሚያሳክክ ፈንገስ ሊመጣ ይችላል፤ ሲያስመልሳቸው፣ ምግብ ሲያቆሙ፣ ረጅም ጾም ሲይዙና ከቀዶ ሕክምና በፊት መቆም አለበት፣ አለዚያ ደማቸው ውስጥ አሲድ ሊጠራቀም ይችላል። አራተኛ፣ ሜትፎርሚን። ጂኤፍአር 48 ከሆነ አሁን ያለው መጠን ይቀጥላል፤ ከ45 በታች ከወረደ እንደገና ይታሰብበታል፣ ከ30 በታች ይቆማል። ሜትፎርሚን ኩላሊት «ይበላል» የሚለው ወሬ ግን ትክክል አይደለም፤ ኩላሊት ሲደክም የሚቀነሰው መውጫ ስለሚያጣ ነው።

ግፊታቸው ከ130 በ80 በታች እንዲሆን፣ ጨው እንዲቀንስ፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከቤቱ እንዲወጡ ያድርጉ፤ ለራስ ምታትና ለወገብ ፓራሲታሞል ይበቃል። የዓይናቸውን ውስጥ በዓመት አንድ ጊዜ ያስመርምሩ፤ ኩላሊቱ ያፈሰሰ ሰው ብዙ ጊዜ የዓይኑ ደም ሥሮችም አብረው ታመዋል።

አክስትዎን አያስቀይሟቸው። ለእናትዎ የሚለፉት ከፍቅር ነው፣ የቤቱን ምግብም የሚያዘጋጁት እሳቸው ከሆኑ ሊተባበሩዎት የሚችሉት ከማንም በላይ እሳቸው ናቸው። አብሹን ያለ ማር፣ ሽፈራውን በወጥ መልክ፣ ቁርሱን በሰዓቱ ይያዙልን ይበሏቸው። ለቀጠሮው ደግሞ የሁለት ሳምንት የማለዳና የከሰዓት ስኳር በደብተር ይመዝግቡ፣ የቀድሞ የላቦራቶሪ ወረቀቶችን ይሰብስቡ፣ የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ፣ የግራዋውንና የሽፈራውንም ዱቄት ከነላስቲኩ፣ በአንድ ከረጢት ይዘው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ኤዋንሲ፣ ክሬአቲኒን፣ ፖታሲየም፣ የጉበት ምርመራና የማለዳ ሽንት አልቡሚን ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ቢሠራ፣ ሐኪሙ በዚያው ቀን ሊወስን ይችላል።